ቢጫው መድኃኒት

ሙሉሰው የሞተው ሰኞ ማለዳ ነበር። ተገድሏል የሚለው አቤቱታ ግን ፖሊስ ዘንድ የደረሰው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ሚስቱ በለጡ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ካለው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት መጥታ፣ «አማርኛ የሚያውቅ መርማሪ ካላገናኛችሁኝ ከዚህ አልነቃነቅም» አለች። ፈረንሳይኛም ሶማልኛም አትችልም። የሐምሌ ንፋስ አሸዋውን እየነዳ ፊቷን ቢገርፈውም እንዳለችው ንቅንቅ አላለችም።

አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። እሱም ኢንስፔክተር አምሀ ነው። አያቱ ከምድር ባቡሩ ጋር ወርደው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ አባቱም በባቡሩ መካኒክነት ጡረታ ወጥተዋል። እሱ ካርቲየር ሁለት በሚባለው ሰፈር ተወልዶ ያደገ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። በሥራው ብዙ ባሏ የሞተባት ሴት አነጋግሯል። ይቺኛዋ አላለቀሰችም። ከፌስታል ውስጥ ሁለት ባዶ የግሉኮስ ላስቲኮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«እዩልኝ ጌታዬ። ይሄ ያለፈው ረቡዕ የተሰጠው ነው። ይሄ የእሑዱ ነው።»

የረቡዑ ላስቲክ ጥጉ ላይ እርድ የነካው ውሃ የመሰለ ቢጫ ጠብታ ቀርቶበታል። የእሑዱ ጥርት ያለ ነው። በሁለቱም ላይ የሙሉሰው ስምና ያው አንድ የመድኃኒት ስም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል።

«ለምን አስቀመጥሻቸው?»

«ከዚህ ወዲያ መድኃኒት የለም አሉኛ። ድሬዳዋ ፋርማሲ ያላት የአጎቴ ልጅ አለችኝ። ቢያልቅ ስሙን አይታ ትፈልግልኛለች ብዬ ነው።»

ታሪኩን በአጭሩ ነገረችው። ሙሉሰው የተሳቢ ሾፌር ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋላፊ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ፤ ጓደኞቹ ራስ ዲካ ወዳለው፣ ሰው ሁሉ «የባሕሩ ክሊኒክ» ወደሚለው ቦታ አደረሱት። አጥንቱ ደህና ሆኖ ተጠገነ። በስምንተኛው ቀን ግን ትኩሳት ያዘው፤ ስፌቱ መግል ቋጠረ። መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ለወጡለት። በመጨረሻ ቢጫውን አዘዙለት፤ በቀን አንዴ፣ ሰባት ሰዓት ላይ።

«ከሐሙስ ጀምሮ ቀለሙ ተለወጠ። ነርሷን በጣቴ እያሳየሁ ስጠይቃት በተሰባበረ አማርኛ 'ያው ነው' አለችኝ። ዓይን አለኝ፤ ያው አልነበረም።»

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«ነርሷን፣ ሳብሪን የምትባለዋን። የሌላ ሰው ቁስል በነካችበት ጓንት የሱን ልትፈታ ስትል ጮኼባታለሁ። ከዚያ ወዲህ ፊቴን አታይም።»

አምሀ ሁለቱንም ላስቲክ ለምርመራ ላከ። መልሱ ረቡዕ ጠዋት መጣ። በእሑዱ ላስቲክ ውስጥ የነበረው ተራ የጨው ውሃ ነው።

*

የክሊኒኩ ዳይሬክተር ቢሮ ከደጁ ሙቀት ለመጣ ሰው ብርድ ብርድ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ የእጅ ማጽጃ ጄል ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ አምሀን በፈረንሳይኛ አስተናገደው።

«ሙሴ ኢንስፔክተር፣ ሰውዬው የሞተው በቁስሉ ነው። መንገድ ላይ አቧራ ውስጥ ወድቆ ነው የመጣው።»

«አቧራው ስምንት ቀን ዝም ብሎ ቆየ?»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «እርስዎ ሐኪም አይደሉም።»

«አይደለሁም። የሰው መድኃኒት አውጥቶ ውሃ የሚሞላ ሰው ነው የምፈልገው። መድኃኒቱ የት ይቀመጣል?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ መጋዘን ጠባቂው ሀምዱ ጋ ነው። እሱ ከሌለ ነርሶቹ ክፍል ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሀምዱን ይጠይቁ፤ ስለ እሱ ብዙ ይወራል።»

ሀምዱ አጭር፣ ቀይ ዓይን ያለው የአፋር ሰው ነው። መዝገቡን አንሥቶ አቀበለው። አምሀ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ቢጫው፣ ለአራት ቁጥር አልጋ፣ ለሙሉሰው፤ እሑድ አንድ። ሰኞ አንድ። ማክሰኞ አንድ።» ቀና አለ። «ሙሉሰው ሰኞ ማለዳ ሞቷል። ለሬሳ መድኃኒት የሚያወጣው ማነው?»

ሀምዱ መዝገቡን ተንጠራርቶ አየው። «የኔ ጽሕፈት አይደለም! እኔ ከዓርብ ጀምሮ ታጁራ ነበርኩ፤ አጎቴን ልቀብር። ትናንት በጀልባ ነው የተመለስኩት።»

አምሀ አላመነውም። ካርቲየር አራት ያለው ቤቱ ሲፈተሽ አልጋው ሥር ሁለት ካርቶን መድኃኒት ተገኘ፤ የትኩሳት፣ የተቅማጥ፣ የሳል። ሀምዱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጎረቤት ሲታመም ሁለት ሁለት ፍሬ እሰጣለሁ» አለ። «ሲሻለው ይተወዋል። ማንንም አልገደልኩም።»

ካርቶኖቹ ውስጥ ቢጫው መድኃኒት አልነበረም። የጀልባው ባለቤትም፣ የታጁራው መስጊድ ሰዎችም ቃሉን አጸኑለት። ሀምዱ ሌባ ነው፤ አምሀ የሚፈልገው ግን እሱን አልነበረም።

*

ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው የሚተኙበት ክፍል በር ላይ ጠና ያለች ሴት እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ሳትታጠብ አትገባም።»

አምሀ ድምፅዋን ከፊቷ በፊት አወቀው። ሲስተር ወለተማርያም ናት። ከባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር፣ ከእናቱ ቤት ሦስተኛው በር ልጅ፤ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች።

«እትዬ ወለተማርያም! እዚህ ነው የሚሠሩት?»

«ሰላሳ ዓመቴ። እናትህን የቀበርን ጊዜ ነው መጨረሻ ያየሁህ። እጅህን አምጣ።»

ከጄሪካን እየቀዳች አስታጠበችው። ግድግዳው ላይ ያለው ቧንቧ አፉ ዝጎ ደርቋል።

«ውሃው ከየት ነው?»

«ከቤቴ። ቧንቧው ከፋሲካ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልሰጠም። ጓንት ለአንድ ፈረቃ አሥር ይሰጡናል፤ አሥራ ስምንት በሽተኛ አለን። ጄሉን ዳይሬክተሩ ቢሮ አይተኸው ይሆናል። ለእንግዳ ነው።»

ክፍሉን እየዞረች አሳየችው። በሦስት ሳምንት አራት ሰው ሞቷል፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባትና አራት ቁጥር አልጋዎች ላይ። ከሙሉሰው ሌላ፣ የመጣው አንዱ በትርፍ አንጀት፣ አንዱ በቡዋ፣ አንዱ በወደቀ ግንብ ነበር። የገደላቸው ግን አንድ ጀርም ነው አለችው፤ መድኃኒት የተላመደ ጀርም።

«በምን ይተላለፋል?»

«በእጅ። በኔ እጅ፣ በሳብሪን እጅ፣ በሐኪሙ እጅ። ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ተሸክመን እናደርሰዋለን። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ክፍሉ ይዘጋ፣ ይታጠብ፣ ውሃ ይግባ ብዬ። አንዱም አልተመለሰልኝም።»

«የሙሉሰውን መድኃኒት ማን ሊቀይረው ይችላል?»

ወለተማርያም አምስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለውን አንሶላ አስተካከለች። አልጋው ላይ ሳፊያ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ተኝታለች፤ የፈላ ውሃ ተገልብጦባት ደረቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቷ በካርቶን ቁራጭ ታራግብላታለች።

«ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከተማ ሲገባ ሰው ሁሉ ይወጣል» አለች ሳትዞር። «ያን ጊዜ ማንም ገብቶ የፈለገውን ሊያደርግ ይችላል።»

ሳብሪን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አምሀ በሶማልኛ ጠየቃት።

«ላስቲኮቹን የሰቀልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ተዘጋጅተው ትሪ ላይ ነው የማገኛቸው። ስም አይቼ እሰቅላለሁ።»

«ቀለሙ መለወጡን አላየሽም?»

«አየሁ። ሌላ ፋብሪካ የሠራው መስሎኝ ነበር» አለች።

«ቁልፉ የሚንጠለጠለው እናንተ ክፍል ነው። ከሚስቱ ጋር ተጣልተሻል። ለሙሉሰው ሰጥቻለሁ ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ቀለሙንም አይተሻል።»

«በጓንቱ ነው የተጣላነው! ሌላ ጓንት አልነበረኝም፣ ምን ላድርግ?»

አምሀ የያዘው ማስረጃ ሁሉ ወደ እሷ ያመለክት ነበር። ሳብሪንን ማረፊያ ክፍል አስገባት። ከክሊኒኩ ሲያስወጣት ወለተማርያም ኮሪደሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

*

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ልደቱ መጣ። ልደቱ የክሊኒኩ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ቢሮው ገብቶ ሳይቀመጥ፣ «ሳብሪንን ፍቷት» አለ።

«ለምን?»

ከሸሚዙ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «የዛሬ ሳምንት የሙሉሰው መግል ውጤት ወጣ። ቢጫውን መድኃኒት ሳህን ላይ ያበቀልኩት ጀርም መሐል አድርጌዋለሁ። ጀርሙ ሸሽቶ ባዶ ቦታ መተው ነበረበት። አልሸሸም። እላዩ ላይ በቀለበት።»

«መድኃኒቱ አይሠራለትም ነበር ማለት ነው?»

«ከውሃ አይሻለውም ነበር። ሕዝቡ ሁለት ፍሬ እየዋጠ ሲተው፣ እኛ እጃችንን ሳንታጠብ ስናመላልሰው፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ሁሉ አንድ በአንድ ለመደው። ይሄ የመጨረሻው ነበር።»

«ሐኪሙስ ይሄን አይቷል?»

«ዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ክተተው አለኝ። ከታወቀ ክሊኒኩ ይዘጋል አለ።» ልደቱ አንገቱን ደፋ። «ከተትኩት። አራት ልጆች አሉኝ።»

«ለማንም አላሳየህም?»

«ለአንድ ሰው አሳይቻለሁ።»

«ለማን?»

ልደቱ ሌላ ወረቀት አወጣ። «በዚያው ቀን የሕፃኗም ውጤት ወጥቶ ነበር፤ የአምስት ቁጥሯ። እሷን የያዛት ሌላ ጀርም ነው፤ ሌላውን ሁሉ ለምዷል፣ ቢጫውን ግን ገና አልለመደም። ያን ቀን ቁም ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ስምንት ብልቃጥ ብቻ ነበር። ስምንቱም በሙሉሰው ስም የተያዘ።»

አምሀ ሰዓቱን አየ። ስድስት ከሃምሳ ነበር።

*

ከተማው ባዶ ነበር። ጫቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ወደየጥላው ተሰብስቧል። የክሊኒኩ ዘበኛ እንኳ ወንበሩን ጥሎ ሄዷል። አምሀ ኮሪደሩን አቋርጦ የክፍሉን በር ገፋ።

በሽተኞቹ ያንቀላፋሉ። የሳፊያ እናት መሬት ላይ ባነጠፈችው ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። ከልጅቷ በላይ ላስቲክ ተሰቅሏል፤ ውስጡ ያለው ቢጫ ነው። ወለተማርያም ጥግ ላይ፣ ጄሪካኑ አጠገብ እጇን ትታጠባለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ጥፍሯን፣ እስከ አንጓዋ ድረስ። አየችው። ታጥባ ጨረሰች።

«እንዲጨርስ ተውልኝ» አለች። «የመጨረሻው ነው። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው።»

አምሀ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሷም ከአልጋው ማዶ ተቀመጠች። ጠብታው ሲወርድ ያዩ ነበር።

«አራቱን ከሙሉሰው ወሰዱ» አለ አምሀ። «አራቱን በሬሳው ስም አወጡ።»

«አዎ።»

«ሐኪሙን ለምን አልጠየቁም?»

«ጠየቅሁት። 'ወረቀት አምጪ፣ ያለ ወረቀት ማዘዣ አልለውጥም' አለኝ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ፤ 'የምን ወረቀት?' አለኝ። ልጅቷ ደግሞ ትኩሳቷ አርባ አንድ ደርሶ ነበር። ሰው ስንት ጊዜ ደጅ ይጠናል፣ አምሀ?»

«ሙሉሰውስ?»

«ሙሉሰው ሐሙስ ዕለት ሞቶ ነበር። ልቡ ነው ገና ያልሰማው።»

«ይሄን መወሰን የእርስዎ ነው?»

«አይደለም» አለች። «የማንም አይደለም። ግን የሚወስን ሰው ጠፋ።»

አምሀ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ውሃውን ስታይ ነበር።»

ወለተማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። «ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሄድኩ ቁጥር 'ሲስተር፣ ዛሬ ይሻለዋል አይደል?' ትለኛለች። እመለሳለሁ። እሱ ኃጢአቴ ነው፤ እሱን አልክድም።»

«ሳብሪንስ? ትናንት ሳስራት ቆመው አዩ።»

«አንድ ብልቃጥ ቀርቶኝ ነበር።» ላስቲኩን ቀና ብላ አየችው። «አንድ ሌሊት ታስራ ብታድር አትሞትም አልኩ። ይቺ ግን አንድ ቀን ቢጎድልባት ትሞታለች። ይሄንንም ቁጠርብኝ።»

የሳፊያ እናት ነቃች። አምሀን ስታይ ደነገጠች፤ ወለተማርያምን ስታይ ግን ፈገግ አለች። ለእንግዳው በሶማልኛ ነገረችው፤ «ልጄን ያዳነቻት ይቺ ናት። ሻይ የሚመስል መድኃኒት በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ታመጣላታለች። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው።»

አምሀ ለምስክርነት የሚያስፈልገው ቃል ይኸው ነበር። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። መጻፍ እንደዚያ ቀን ከብዶት አያውቅም።

ላስቲኩ ባዶ ሲሆን ወለተማርያም መርፌውን ነቀለች፤ ቦታውን በጥጥ ያዘች፤ ልጅቷን ግንባሯን ዳሰሰቻት። ከዚያ ጋውኗን አውልቃ አጣጠፈችና፣ «በል እንሂድ» አለች።

*

የአምሀ አለቃ ኮሚሴሩ ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አነበበ።

«ሴትዮዋ አምናለች። ጥሩ ሥራ ነው። ይሄ ስለ ዳይሬክተሩ የጻፍከው ግን ምንድን ነው?»

«ውጤቱን ደብቋል። አራት ሰው ሞቷል።»

«በየትኛው አንቀጽ ልክሰሰው? መሳቢያ ውስጥ ወረቀት በማስቀመጥ? ደረቅ ቧንቧ በመያዝ? በዚህ ሙቀት ያልደረቀ ቧንቧ የት አለ?» ስለ ዳይሬክተሩ የተጻፉትን ሁለት ገጾች ነቅሎ መለሰለት። «ለጤና ሰዎቹ ላክላቸው።»

አምሀ ላከላቸው። ደርሶናል የሚል ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ወዲያ የሰማው ነገር የለም።

ሳብሪን ተፈታች፤ ክሊኒኩ ግን አባረራት፤ ሌላ ቦታ እንድትቀጠር እንኳ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው አላገኘችም። ወለተማርያም መድኃኒት በመሰወርና በሰው ሞት ተጠርጥራ ጋቦዴ እስር ቤት ገባች።

ለበለጡ የነገራት አምሀ ራሱ ነው። ፔካ ዱዝ፣ የከባድ መኪናዎቹ ማቆሚያ፣ የባሏ ጓደኞች የሬሳ ሣጥኑን ተሳቢ ላይ ሲያስሩ አገኛት። ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራት። እስኪጨርስ ሣጥኑን እያየች ሰማችው።

«ልጅቷ ዳነች?»

«ትኩሳቷ ወርዷል።»

«ሲስተሯ ብትነግረኝ ኖሮ…» አለችና ቆመች። «እኔው ራሴ ነቅዬ እሰጣት ነበር። ወይም አልሰጣትም ነበር። እንግዲህ አላውቀውም። የወሰደችብኝ እሱን፣ መምረጡን ነው። መድኃኒቱስ አይሠራም ነበር አላችሁኝ።»

ጋቢናው ላይ ወጣች። መኪናው ወደ ጋላፊ መንገድ ታጠፈ።

*

ወለተማርያም በገባች በስድስተኛው ቀን ሳፊያን ትኩሳቱ መልሶ ያዛት። ልደቱ ከደረቷ ቁስል ናሙና ወሰደ። ውጤቱን በስልክ ሲነግረው አምሀ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር።

«የሙሉሰው ጀርም ነው። አሁን እሷ ጋ ገብቷል። በቢጫውም በምኑም አይነካም።»

«እንዴት ገባባት? መቼ?»

«ማን ያውቃል? ምናልባት ቀድሞም ገብቶ ነበር። ምናልባት ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ከሄደች ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ የሚታጠብ ሰው የለም፤ ውሃም የሚያመጣ የለም።»

አምሀ ስልኩን ዘጋ። ሕጉ የሚለውን አድርጓል። ክፍሉ ውስጥ እጇን የምትታጠበውን አንዲት ሴት አውጥቶ የወሰዳት ግን እሱ ነው። ይሄንን የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ የገዛ ሚስቱም ብትሰማው «ሥራህ ነው» ከማለት በቀር ምን ትላለች?

ልጅቷ ቅዳሜ ሞተች።

ሰኞ ዕለት ጋቦዴ ሄደ። ሌላ ሰው ሳይነግራት እሱ ሊነግራት ፈልጎ ነው። መንገዱን ሁሉ የሚላትን ሲያሰላስል ነበር። «ወደ እናቷ አገር ወሰዷት» ሊል አሰበ፤ «ደህና ናት» ሊልም አሰበ። ጠባቂው ወለተማርያምን አምጥቶ ፊት ለፊቱ አቆማትና በሩን ቆልፎ ወጣ። በአሥር ቀን ውስጥ ከስታለች።

«ልጅቷስ?» አለች ሳትቀመጥ።

ሰላሳ ዓመት የበሽተኛ ፊት ያነበበች ሴት ናት። ሊዋሻት አልቻለም።

«ሞተች። ቅዳሜ።»

ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ትኩሳት?»

«የሙሉሰው ጀርም ነው ይላል ልደቱ።»

አላለቀሰችም። «አልጋዋን ምን አደረጉት?» አለችው።

«አላወቅኩም።»

«ፍራሹን አወጡት? በረኪና ነካው?»

አምሀ በዚያው ጠዋት ክሊኒኩን አይቶ ነው የመጣው። «አይመስለኝም» አለ።

«ሰው ተኝቶበታል?»

«አዎ። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ናት።»

«መቼ ገባች?»

«ትናንት።»

«ሕፃኑስ? ሕፃኑን ለብቻው አስተኙት?»

«እቅፏ ውስጥ ነው» አለ አምሀ።

ወለተማርያም ብድግ ብላ፣ ሥራ እንደረፈደበት ሰው እየፈጠነች ወደ በሩ ሄደች፤ እጀታውንም ያዘች። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። እጀታውን እንደያዘች ቆመች።